እንግዳው ኮራል ይዞት የሚመጣው ተባይ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሳሎናችን ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ የስልኬን መብራት የዓሣ ገንዳው መስታወት ላይ ደግኜ ቁጭ ብያለሁ። ቤተሰቡ ተኝቷል፤ እኔም ጠዋት ሥራ አለብኝ። ምን እየፈለግህ ነው ብትሉኝ መልሴ አንድ ቃል ነው፦ ትል።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ገንዳው አጠገብ ቆማ፣ “አባዬ፣ ሰማያዊው ኮራል ለምን ነጣ?” አለችኝ። “መብራቱ ነው የኔ ቆንጆ” ብዬ አለፍኳት። መብራቱ አልነበረም። ሌሊት ላይ በስልኬ አጉልቼ ፎቶ ሳነሳው፣ የኮራሉ ቆዳ ላይ በመርፌ የተጠቀጠቀ የሚመስሉ ነጫጭ ክብ ነጥቦች አየሁ። ቅርንጫፉ ሥር ደግሞ ወርቃማ ቡኒ የሆኑ ጥቃቅን ፍሬዎች ተደርድረዋል። ዕንቁላል!

አውራ ጣት ከማታህል ስባሪ ተነሥቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳደግኩት ኮራል ተበልቶ እያለቀ ነበር። ተባዩን ቤቴ ያስገባሁት ደግሞ እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ 40 ዶላር ከፍዬ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። እዚህ ቤታቸው ውስጥ የጨው ውኃ ገንዳ ያላቸው ሐበሾች አልፎ አልፎ ይገጥሙኛል፤ ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ ስለ ውኃና ስለ መብራት ነው። ገንዳ የሌላችሁም ብትሆኑ፣ ያ በሰማያዊ መብራት ውስጥ እንደ ኒዮን የሚያበራ የኮራል ቪዲዮ ቲክቶካችሁ ላይ ብቅ ሳይል አይቀርም። ከዚያ ቪዲዮ ጀርባ ያለውን፣ ማንም ፖስት የማያደርገውን ሥራ ነው ዛሬ የማወራችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ኮራል ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ድንጋይ ወይም ተክል ይመስለዋል። እንስሳ ነው። በትክክል ለመናገር፣ አንዱ ኮራል ፖሊፕ የሚባሉ የብዙ ጥቃቅን እንስሳት መንደር ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ አፍና በዙሪያው እንደ ጣት የሚዘረጉ እጆች አሉት። ጠንካሮቹ ኮራሎች ከውኃው ካልሲየም እየወሰዱ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ አጽም ይሠራሉ። ቆዳቸው ውስጥ ደግሞ ረቂቅ አልጌዎች ይኖራሉ፤ አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ለባለቤቱ ያካፍላሉ። ለዚህ ነው የቤት ገንዳ ያን ያህል ብርቱ መብራት የሚፈልገው።

ለእኛ ነገሩ ሩቅ ይመስላል እንጂ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አፋር ውስጥ በዳናኪል ዝቅተኛ ሥፍራ ጠርዝ ላይ ዛሬም የኮራል ቅሪት አለ። ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት የቀይ ባሕር ውኃ እዚያ ድረስ ገብቶ ነበርና፣ ዛሬ ጨውና አሸዋ የሆነው ቦታ ያኔ የኮራል ሰፈር ነበር።

ኮራልን ቤት ውስጥ ማኖር ማለት እንግዲህ ትንሽ ባሕር መሥራት ማለት ነው። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨውነቱ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ሆኖ ሳይወጣ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ይሄ ሁሉ ተሟልቶ፣ ዓሣው ጤነኛ፣ ውኃው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ነው አንድ ቀን ኮራሉ የሚነጣው።

የሚመጡት እነማን ናቸው?

የኮራል ተባዮች ብዙ ናቸው። ጀማሪውን የሚያስለቅሱት ግን እነዚህ ናቸው።

አንደኛው አይፕታዚያ ነው። ትንሽ ቡናማ የባሕር እንስሳ ሲሆን፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ትንሽ የዘንባባ ዛፍ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ስታዩት “እንዴ፣ በነፃ ኮራል አገኘሁ!” ትላላችሁ። በነፃ የመጣው ግን ችግር ነው። ጎረቤቶቹን በመርዙ ይነድፋል። በወረንጦ ልንቀለው ብትሉ ደግሞ፣ የቀረችው ቁራጭ ራሷን ችላ ታድጋለች። አንዱን ያጠፋችሁ ሲመስላችሁ አምስት አድርጋችሁታል።

ሁለተኛው ሞንቲፖራ የሚባለውን ኮራል የሚበላ ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ነጭ ነው፤ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። የሚኖረው ከኮራሉ ሥር ባለው ጨለማ ነው። ገንዳ ባለቤቶችን ለዓመታት ሲያስለቅስ ቆይቶ፣ ሳይንቲስቶች መርምረው የራሱን ስም የሰጡት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ሦስተኛው “ቀይ ተባይ” የሚሉት ነው። ቢጫ ገላ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ያለው፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ፍጥረት ነው። ያለ ማጉያ መነጽር ወይም ያለ ጥሩ የስልክ ካሜራ አይታይም።

አራተኛው የእኔው ጉድ ነው፦ አክሮፖራ የሚባለውን ባለ ቅርንጫፍ ኮራል የሚበላ ጠፍጣፋ ትል። ይሄ ትል ሌላ ነገር አይበላም። የሚያስገርመው መደበቂያው ነው። ገላው ስስና ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ፣ የበላው የኮራል ቀለም በውስጡ ይታያል። ማለትም የበላውን ለብሶ ይቀመጣል። ኮራሉ ላይ አፍጥጣችሁ እያያችሁት አታዩትም። የምታዩት የንክሻውን ነጭ ነጥብ ነው፤ ያንን ስታዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ባሕር ውስጥ ለምን አይጨርሱትም?

እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። መልሱ በጠፍጣፋው ትል ታሪክ ውስጥ አለ።

ይህ ትል መጀመሪያ የታወቀው በባሕር አይደለም፤ በሰው ገንዳ ነው። ኮራል አሳዳጊዎች ስለ እሱ ለዓመታት ሲያማርሩ ቆይተው፣ ሳይንቲስቶች ገለጻውን አውጥተው ስም የሰጡት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በተፈጥሮ ባሕር ውስጥ መኖሩ የተዘገበው ከዚያ በኋላ፣ በ2012፣ አውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ በምትገኘው ሊዛርድ ደሴት ነው። በገንዳ ውስጥ ጥፋት የሚያደርሰው ፍጥረት ባሕር ውስጥ ያን ያህል ተሰውሮ የኖረ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ባሕር ውስጥ ትሉን የሚለቅሙ ዓሦችና ሽሪምፖች አሉ። ከአንድ ኮራል ወደ ሌላው ያለው መንገድም ረዥም ነው። ገንዳ ውስጥ ግን ጠላት የለም፤ ምግቡ ደግሞ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ ተደርድሯል። አይጥ ጎተራ ውስጥ ገባች በሉት። ስለዚህ ጥፋቱ የትሉ ብቻ አይደለም፤ አጥሩን አፍርሰን ጎተራውን የከፈትንለት እኛ ነን።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ተባይ ከአየር አይመጣም፤ ከቧንቧም አይወጣም። የሚገባው እኛ ይዘነው በምንገባው እርጥብ ነገር ላይ ተቀምጦ ነው፦ በኮራሉ፣ ኮራሉ በተለጠፈበት መሠረት፣ በድንጋይ፣ በቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ አልፎ ተርፎም ዓሣው በመጣበት ከረጢት ውኃ። በሩ አንድ ነው። በሩን መጠበቅ ይቻላል።

የእኔ ስህተት

እኔ በሩን ጠብቄያለሁ ብዬ አስብ ነበር። ኮራሉን የሸጠልኝ ሰው ገንዳውን አሳይቶኛል፤ ንጹሕ ነበር። ቤት እንደደረስኩ ለኮራል ማጠቢያ በተዘጋጀ መድኃኒት ውስጥ ነከርኩት፤ አንድ ሁለት ነገር ረገፈ፤ አጠብኩና በቀጥታ ትልቁ ገንዳ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ሻይ ጠጣሁ።

ያላወቅኩት ይህን ነው፦ መድኃኒቱ ትሉን ያረግፈዋል፣ ዕንቁላሉን ግን አይገድለውም። የዕንቁላሉ ሽፋን ጠንካራ ነው፤ ትሉም የሚጥለው ሥጋው በሞተበት ባዶ አጽም ላይ አጣብቆ ነው። ውኃው 27 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በ11 ቀን አካባቢ ይፈለፈላል፤ ቀዝቀዝ ካለ ከዚያ ይቆያል። እኔ ሻይ ስጠጣ ዕንቁላሉ ቀኑን እየቆጠረ ነበር።

“አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ” ይላሉ እናቶቻችን። እኔ ድስቱን ጥጄ አልቅሻለሁ። እናንተ እንዳታለቅሱ፣ አሁን የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል

1. ከመግዛታችሁ በፊት የሻጩን ገንዳ እዩ። የምትገዙትን አንዱን ኮራል ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹንም። ድንጋዩ ላይ አይፕታዚያ ካለ፣ ኮራሎቹ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። በስልካችሁ አጉልታችሁ ፎቶ አንሡ፤ ዓይን ያለፈውን ካሜራ ይይዘዋል። በሰው ገንዳ ውስጥ ተራብቶ ያደገ መሆኑንም ጠይቁ፤ ከባሕር ተነቅሎ ከመጣው ይልቅ የገንዳ ኑሮን የለመደ ነው፣ ባሕሩም ይተርፋል። ጠንካሮቹ ኮራሎች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በፈቃድ የሚካሄድ ጥብቅ ፍጥረታት መሆናቸውን አትርሱ።

2. ኮራሉን ከመጣበት መሠረት ላይ አንሡት። ስባሪ ኮራል የሚሸጠው ትንሽ የሴራሚክ ወይም የሲሚንቶ ቁራጭ ላይ ተለጥፎ ነው። ዕንቁላሉ፣ አልጌው፣ የአይፕታዚያ ዘሩ የሚደበቀው እዚያ ላይ ነው። ከቻላችሁ ኮራሉን ቆርጣችሁ አዲስ መሠረት ላይ በሱፐር ግሉ ለጥፉ፣ አሮጌውን ጣሉት። የሞተ ባዶ አጽም ካለውም ያንን ክፍል ቁረጡ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ያዙ ብባል፣ የምመርጠው ይህን ነው።

3. ንከሩት። ሦስት ዕቃ አዘጋጁ፤ ሦስቱም ውስጥ ከገንዳው የተቀዳ ውኃ ይሁን። የመጀመሪያው ውስጥ መድኃኒቱን ጨምሩ፤ መጠኑና ደቂቃው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ። አሜሪካኖች ቱርክ ሲጠብሱ መረቅ የሚያፈሱበት፣ ጎማው ሲጨመቅ የሚተፋ ቱቦ አለ፤ በእሱ ኮራሉን ደጋግማችሁ በውኃ ግፊት ምቱት። የሚረግፈውን ታያላችሁ። ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዕቃ አለቅልቁ። ያ የመንከሪያ ውኃ ጠብታውም ቢሆን ወደ ገንዳ አይመለስ።

4. ለይታችሁ አቆዩት። ኮሮና “ለይቶ ማቆያ” የሚለውን ቃል ለሁላችንም አስተምሮናል። እዚህም ያው ነው፤ ልዩነቱ 14 ቀን አለመብቃቱ ነው። የሚያስፈልገው 40 ሊትር የምትይዝ ትንሽ ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ ውኃ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕና መብራት ነው። አዲስ ኮራል እዚያ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቀመጣል። በየሳምንቱ ይወጣል፣ ይታያል፣ ይነከራል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ዛሬ ዕንቁላል የነበረው በሚቀጥሉት ሳምንታት ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው ደግሞ አድጎ ራሱ ዕንቁላል ከመጣሉ በፊት ቀጣዩ ንክር ይደርስበታል። አንድ ንክር የማይችለውን ስድስቱ ይጨርሱታል።

5. በሌሊት ፈትሹ። ብዙዎቹ ተባዮች የሚወጡት ሲጨልም ነው። መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ በስልክ መብራት ዙሪያውን እዩ፤ የኮራሉን ሥርና ጀርባ አትዝለሉ። በየሳምንቱ በአንድ ቦታ ሆናችሁ ፎቶ አንሡ። ዛሬን ከባለፈው ወር ጎን ለጎን ስታዩት፣ ዓይናችሁ የለመደውን ለውጥ ስልኩ ያጋልጠዋል።

6. ዕቃ አታቀላቅሉ። የለይቶ ማቆያው ወረንጦ፣ ባልዲና ቱቦ ለብቻው ይሁን። አንድ እርጥብ ወረንጦ ስድስት ሳምንት የለፋችሁበትን በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል።

ዓሣው ይበላልኛል ብላችሁ አትተኙ

ሱቅ ስትሄዱ “ይሄን ዓሣ ጨምር፣ ተባዩን ይጨርስልሃል” የሚላችሁ አይጠፋም። ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። ፔፐርሚንት የሚባለው ሽሪምፕ ብዙ ጊዜ አይፕታዚያን ይበላል። በርጊያ የምትባል ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ደግሞ ከአይፕታዚያ በቀር ሌላ ምግብ የላትም፤ ሲያልቅባት ራሷ ትሞታለች። ሲክስላይን ራስ የሚባለው ባለ መስመር ዓሣ ጠፍጣፋውን ትል ይለቅማል።

ነገር ግን ዓሣ የሚበላው ያገኘውን ነው። ኮራሉ ሥር የተጣበቀውን ዕንቁላል አይደርስበትም። ቁጥሩን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። እንዲያውም ምልክቱን ቀንሶ ችግሩን ሊደብቅባችሁ ይችላል። ዓሣውን ዘበኛ አድርጉት፣ በሩን ግን እናንተው ቆልፉት።

ለሰውም የሚያሰጋ አለ

ይህን ክፍል፣ እባካችሁ፣ ዘልላችሁ እንዳታልፉት።

ዞአንቲድ የሚባሉ አበባ የመሰሉ ለስላሳ ኮራሎች አሉ። ርካሽ ናቸው፣ ያምራሉ፣ ጀማሪ ሁሉ ይገዛቸዋል። ከእነሱ ወገን አንዳንዶቹ፣ በተለይም ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የተሰኘ እጅግ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ። አንዳንድ ሰው ድንጋዩ ላይ ያለ ተባይ ወይም ያልፈለገው ኮራል ሲያስቸግረው “ቀቅዬ ልግደለው” ይላል። ያኔ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤቱን ይሞላል። በአሜሪካ አላስካ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ፣ በአኳሪየም ሱቆችና በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ከእነዚህ ኮራሎች ጋር የተያያዙ የመመረዝ አጋጣሚዎች በጤና ባለሥልጣናት ተመዝግበዋል። ሳል፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መምረር፣ የእጅ መደንዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። ለመርዙ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም የሚያክመው ምልክቶቹን ነው።

ስለዚህ ድንጋይ አትቀቅሉ። የፈላ ውኃ አታፍስሱበት። ከውኃ አውጥታችሁ በብሩሽ አትፈግፍጉ። ኮራል ስትቆርጡ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ነገ ይደርሳል። ልጆችን ከአጠገቡ አርቁ። ሥራውን ከጨረሳችሁ በኋላ ከላይ የተዘረዘረው ስሜት ከመጣ፣ ከቤት ውጡና ወደ ሐኪም ሂዱ፤ “ኮራል ስነካ ነበር” ብላችሁም ንገሩ፤ ሐኪሙ ራሱ ላይገምተው ይችላልና።

ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አትድፉት

ከገንዳችሁ ያወጣችሁትን አልጌ፣ ድንጋይ ወይም ቀንድ አውጣ ወደ ተፈጥሮ ውኃ አትጣሉ። የእምቦጭን ነገር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት ምክንያት ሰው ተሸክሞት ነው፤ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል። ከጨው ውኃ ገንዳ ጋር የተያያዘ ተመሳሳይ ታሪክም አለ። ካውለርፓ የሚባል ለአኳሪየም ጌጥ የሚሆን የባሕር አልጌ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞናኮ አጠገብ ባሕር ውስጥ ታይቶ በሜዲትራኒያን ተስፋፋ። በ2000 ካሊፎርኒያ ላይ ሲገኝ፣ ጠፍቷል ተብሎ እስኪታወጅ ስድስት ዓመትና በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ፈጅቷል። የሞተውን ደረቅ ቆሻሻ ውስጥ፣ የመንከሪያውን ውኃ መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ውስጥ ማድረግ ግን ምንም ወጪ የለውም።

የእኔ ገንዳስ?

ያን ሌሊት ካየሁት በኋላ አክሮፖራዎቼን በሙሉ፣ ሰባቱንም፣ ከትልቁ ገንዳ አወጣሁ። ትሉ ከእነሱ ሌላ ምግብ ስለሌለው፣ ትልቁን ገንዳ ማስራብ ይቻላል። ሰባቱን ትንሿ ገንዳ ውስጥ አድርጌ፣ ለስድስት ሳምንታት በየቅዳሜው ነከርኳቸው፤ ያየሁትን ዕንቁላል ሁሉ በቢላ ጫፍ ፋቅኩ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ ባልዲውን፣ ቱቦውንና ጓንቱን ስታይ፣ “ይሄ ሰውዬ ሆስፒታል ከፈተ እኮ” ትላለች።

አራቱ ተርፈዋል። ሰማያዊው ከሥሩ ወደ ላይ ሞተ። ተስፋ ከመቁረጤ በፊት ገና ቀለም የነበራትን የአንድ ቅርንጫፍ ጫፍ ቆርጬ አዲስ መሠረት ላይ ለጠፍኳት። የጥፍር ያህል ናት። አሁን ሥሯ መሠረቱ ላይ መዘርጋት ጀምሯል።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን አዲስ ኮራል ሲመጣ የገባበትን ቀን ትንሿ ገንዳ ላይ በፕላስተር የምትጽፈው ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ የሰጠኝ አረንጓዴ ኮራል በጣም አማረኝና፣ “አሁን ጤነኛ ነው፣ ትልቁ ውስጥ እናስገባው ይሆን?” አልኳት።

ፕላስተሩን አየች፤ በጣቷ ቆጠረች። “አባዬ፣ ገና 19 ቀን ይቀረዋል” አለችኝ።